ስድስት ወር ይበቃ ይሆን?

ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመም፣ ይኸውም የክሮን በሽታ ወይም ትልቁን አንጀት የሚያቈስለው ሕመም፣ በልጅነት ከጀመረ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ሕመምተኛው አንድ ቀን የሕፃናት ሐኪሙን ተሰናብቶ ወደ ዐዋቂዎች ሐኪም መሻገሩ የግድ ነው። በእንግሊዝ አገር ናይስ የተባለው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ለዚህ መሻገር በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ለአንጀት ሕመም ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ እኔ የምመረምረው ግን ለዚህ ሕመም ምን ያህል እንደሚስማማ ነው።

በመጀመሪያ የሚመሰገንበትን ላንሣ። ዝግጅቱ ቢዘገይ በ13 ወይም በ14 ዓመት እንዲጀመር፣ ወጣቱም ከወላጆቹ ተለይቶ ጥያቄውን የሚያቀርብበት ዕድል እንዲያገኝ ይመክራል። ከሁሉም በላይ መሻገሪያው በዕድሜ ቍጥር ብቻ ሳይወሰን ወጣቱ በተረጋጋበት ወቅት እንዲሆን ይላል። ይህ ሁሉ አስተዋይነት ነው።

ጉድለቱ ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። ወጣቱን የሚረዳ አንድ የታወቀ ሠራተኛ ከመሻገሩ በፊትና በኋላ ቢያንስ 6 ወር እንዲደግፈው፣ ከተሻገረም በኋላ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀጠሮዎች ያው አንድ ባለሙያ እንዲያየው ያሳስባል። እንግዲህ በመግቢያው በር የተባረረው የቀን መቍጠሪያ በመውጫው በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

የአንጀት ሕመም ግን በቀን መቍጠሪያ አይገዛም። ለብዙ ወራት ጋብ ይልና ሳይታሰብ ያገረሻል። ደኅና የሆነ የመሰለው ወጣት መድኃኒቱን ሊተው ይችላል፤ አዛታዮፕሪን የሚወስድ እንደ ሆነም በየጊዜው ሊደረግለት የሚገባውን የደም ምርመራ ሊዘነጋ ይችላል። ሁለቱ ቀጠሮዎች በሰላም ያልፋሉ፤ ረዳቱም ይሰናበታል። በዘጠነኛው ወር ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢመጣበት፣ ነገሩ ለመናገር የሚያሳፍር ነውና፣ ለማን እንደሚናገር ቸግሮት ይቀመጣል።

መመሪያው «ቢያንስ» ማለቱንና የጊዜው ርዝመት ከወጣቱ ጋር በመነጋገር እንዲወሰን መፍቀዱን ጠቅሶ የሚከራከር ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሠራተኛ በሚያንስበት ስፍራ ትንሹ ልክ ውሎ አድሮ ትልቁ ልክ ይሆናል።

በእኔ አስተያየት የድጋፉ ፍጻሜ በወር ሳይሆን በሥራ ሊለካ ይገባል፤ ይኸውም ወጣቱ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መቈየቱና ሕመሙ ሲያገረሽበት ለአዲሱ ሐኪም ራሱ ማስታወቁ በታየ ጊዜ ነው። ሕመሙ ለረዥም ጊዜ ጋብ ያለ እንደ ሆነ ረዳቱ ሥራውን ይቀንስ እንጂ ስሙና አድራሻው ከወጣቱ እጅ አይጥፋ። ይህን የሚቃወም ጓደኛ ቢኖር ምክንያቱን በዚሁ መጽሔት ቢያስረዳን ሁላችንም እንጠቀማለን።