«አርአያ» ስለ ተባለው ዓሣ
(የአንድ የሳይንስ ቃል አተረጓጎም ሲመረመር)

ስለ ሕክምና ምርምር በአማርኛ የሚጻፈው እየበረከተ ሲሄድ፣ አንዳንድ ቃላት በቂ ምርመራ ሳይደረግባቸው ይለመዳሉ። በዚህ አጭር ሐተታ የምንመለከተው፣ ዜብራ ዓሣ ለሰው በሽታ ጥናት «ሞዴል» መሆኑ ሲገለጽ ቃሉ «አርአያ» ተብሎ የሚተረጎምበትን ሁኔታ ነው።

ዜብራ ዓሣ የደቡብ እስያ ተወላጅ የሆነ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዓሣ ነው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ስትራይሲንገር በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ለዘር ጥናት ያለውን ጥቅም ካሳዩ ወዲህ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ተስፋፍቷል። ፅንሱ ከእናቱ አካል ውጭ የሚያድግና ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ በአንድ ቀን ገደማ መምታት የሚጀምረው ልቡ በአጉሊ መነጽር ይታያል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ፕሮቲን ከሚሠሩት የሰው ዘረመሎች 70 በመቶ ያህሉ በዚህ ዓሣ ዘንድ አቻ እንዳላቸው አመልክቷል።

በስሙ እንጀምር። «የሜዳ አህያ ዓሣ» ማለት አንባቢን ያስቃል እንጂ አያስተምርም። የከተማው ሰው ዜብራን ከእግረኛ መሻገሪያ ስለሚያውቀው፣ «ዜብራ ዓሣ» የሚለው መስመሮቹን ያስታውሳልና በቂ ነው።

ከባዱ ጉዳይ «አርአያ» ነው። በአማርኛችን አርአያ የሚከተሉት፣ በምግባሩ የሚመስሉት ነው፤ ዓሣውን ግን ማንም አይከተለውም። «ናሙና»ም አይሆንም፤ ናሙና ከዚያው ከሚጠናው ነገር ተቆንጥሮ የሚወሰድ ነውና። «አምሳያ» የተሻለ ቢመስልም፣ «አምሳያ የለውም» ስንል እንደምናስተውለው፣ ወደ እኩያነት ያዘነብላል።

የእኩያነት ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስት የሳምባ ነቀርሳ ያስረዳል። ዜብራ ዓሣ ለዚህ በሽታ ጥናት ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ነገር ግን ሳምባ የለውም! በእርሱ ላይ የሚጠናው ባክቴሪያም የሰውን በሽታ የሚያመጣው ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ነው። ያም ሆኖ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለማገድ የሚሠራው የሕዋሳት ቋጠሮ በመጀመሪያው ደረጃ ለባክቴሪያው መስፋፋት እንደሚረዳ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያሳየው በዚሁ ዓሣ እጭ ነው። እንግዲህ ዓሣው የሚመሰክረው ስለ በሽታው አንድ ገጽታ እንጂ ስለ በሽታው ሁሉ አይደለም።

ስለዚህ በበኩላችን «የምርምር ወኪል» የሚለውን እናቀርባለን። ወኪል ባለጉዳዩን አይደለም፤ የሚናገረውም በተሰጠው ሥልጣን ልክ ብቻ ነው። «የበሽታ ወኪል» ከተባለ ግን በሽታ አምጪ ሊመስል ስለሚችል፣ «የምርምር» የሚለው ቅጽል እንዳይቀር እናሳስባለን። ጸሐፊውም ውክልናው ለምን እንደሆነ፣ ለልብ አመታት ይሁን ለሕዋስ ጠባይ፣ ለይቶ ይግለጽ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጽሑፉን ሊቃውንት ብቻ ሳይሆኑ ልጁ የታመመበት አባትም ያነበዋል። «መድኃኒቱ በአርአያው ላይ ሠራ» ሲባል ፈውሱ በደጅ የቆመ ይመስለዋል። «በወኪሉ ላይ ሠራ» ቢባል ግን፣ ባለጉዳዩ የሰው ልጅ ገና እንዳልተጠየቀ ከቃሉ ይረዳል። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢያቀርብልን በደስታ እንመረምረዋለን።