ዘበኛው ለምን አያፈቅርም?

የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ ፊልሞቻችን የያዛቸው አንድ አመል አለ። አፍቃሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የቦሌ ልጆች ናቸው፤ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ከከተማው ዳር ይመጣሉ። አፍቃሪዎቹ በሚሠሩት ያስቁናል፤ ዘበኛው ግን በአነጋገሩ። በኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛው ሰበር ሲልበት አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። እስቲ ልብ በሉ፤ ከጎናችን የተቀመጠው የሱሉልታ ልጅ የተሳቀበት በእናቱ አነጋገር ነው።

ሱሉልታ ራሷ በፊልም ከታየች ለሽርሽር ሜዳዋ ነው። ሰበታም የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ዓይነ ስውር በፊልማችን ሲመጣ ግን እንድናለቅስለት ነው እንጂ ሲቀልድና ሲያሽኮረምም መች አየነው?

«ልዩነት ከበዛ ኮሜዲው ይከብዳል» የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ፍራንክ ካፕራ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የሀብታም ልጅንና ሥራ ያጣ ጋዜጠኛን አውቶቡስ ላይ አላገናኘም እንዴ? ሳቁ የመጣው ከልዩነታቸው ነው፤ ግን በሁለቱም ይሳቃል፣ ሁለቱም ያፈቅራሉ።

አውቶቡሱ እኛም ዘንድ አለ። ከቡራዩ በአሸዋ ሜዳ አድርጎ አዲስ አበባ በሚገባው ታክሲ ውስጥ በኦሮምኛ የተጀመረ ወሬ በአማርኛ ያልቃል። ኦሮምኛ የማይሰማ የቦሌ ልጅ እዚያ ይቀመጥና ልጅቷና ረዳቱ ይሳሳቁበት፤ ያኔ ግራ የሚጋባው እሱ ነው፤ ቋንቋ ለመማር የሚንተባተበውም እሱ።

ስለዚህ ደራስያኑን የምንጠይቀው ዘበኛውን ከፊልሙ እንዲያስወጡት አይደለም። ስም ይስጡት፤ የሚወዳት ልጅ ትኑረው፤ ቀልዱንም እሱ ራሱ ይቀልደው። እኛም ተመልካቾች በአነጋገር ብቻ ሊያስቁን ሲሞክሩ አለመሳቅ እንልመድ።