ነፍሱን የሚጠይቅ ሰው

በአገራችን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ ሲያበቃ ወደ መዝሙረ ዳዊት ይሸጋገር ነበር። «ዳዊት ደገመ» ሲባልም ለወላጅ ትልቅ ደስታ ነበር። ይሁን እንጂ ምላስ የለመደውን ልብ ሁልጊዜ አይከተለውም። ምሥጢሩ የሚፈታው በትርጓሜ ቤት ስለ ነበረ፣ እዚያ ያልደረሰው ተማሪ መዝሙሩን በቃሉ ይዞ ሳይመረምረው ይቀር ነበር።

ለአብነት በግዕዙ 41ኛውን፣ በዕብራይስጡ ደግሞ 42ኛውን መዝሙር እንመልከት። ርእሱ የቆሬን ልጆች ይጠቅሳል። ተናጋሪው ከቤተ መቅደስ ርቆ በዮርዳኖስ አገር የሚያዝን ሰው ነው። በመግቢያው ውሃ የናፈቀ ዋላ እናያለን፤ ከመካከል ስንደርስ ግን ውሃው ማዕበል ሆኖ ሰውየውን ያጥለቀልቀዋል። ብዙ አንባቢ ዋላውን ይዞ ማዕበሉን ስለሚዘል፣ መዝሙሩ የናፍቆት ብቻ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ሰውየው የገዛ ነፍሱን ስለ ምን እንደምታዝን መጠየቁ ነው። ጥያቄው በዚሁ መዝሙር 2 ጊዜ፣ በሚቀጥለው መዝሙር መጨረሻ ደግሞ ለ3ኛ ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህም ብዙ ሊቃውንት ሁለቱን አንድ ድርሰት ናቸው ይላሉ። ኀዘኑን አይደብቀውም፤ አይገዛለትምም። ፊት ለፊት አቁሞ ይጠይቀዋል፤ ተስፋንም ያዝዘዋል። ራስን ማወቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነገሩ ለስደተኛ ሩቅ አይደለም። በካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ፣ ከጣና የወጣው ዓባይ በከተማዪቱ ሲያልፍ አገሩን ያስታውሰዋል። ያው ወንዝ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ብዙ ቤት አፍርሷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ በከተማዪቱ ጦርነት ተነሥቶ ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እንዲህ ላለ ሰው ናፍቆቱንና ፍርሃቱን ለይቶ ማየት ትርፍ ነገር አይደለም።

«ጸሎት ይደገማል እንጂ አይመረመርም» የሚሉ አሉ። መዝሙሩ ራሱ ግን ምርመራ ነው፤ ጠያቂውን ሳይሰማ የሚደግመው ሰው ድምፁን እንጂ ጸሎቱን አልያዘም። መምህር ሆይ፣ በክፍልህ ይህን ስታስነብብ፣ ተማሪው ከየትኛውም ሃይማኖት ቢሆን፣ ጠያቂው ማን ነው? ተጠያቂዋስ ማን ናት? ብለህ ጀምር። መልሱን ለመስጠት አትቸኩል፤ መዝሙሩም ጥያቄውን 3 ጊዜ መላልሶታልና።