ደፋርነቷን ሰማን፤ ሥራዋስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉንደ ወይን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለሴት ተማሪዎች «ልምድ እንዳካፍል» ጠራኝ። ያደግኩበት ከተማ ነው፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ። አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። የራሴ ታሪክ ያን ያህል ስለማያስጨበጭብ የሳምራዊት ፍቅሩን ይዤ ሄድኩ።

እስከ 17 ዓመቷ ኮምፒውተር ነክታ እንደማታውቅ፣ አምሽታ ከሥራ ስትወጣ የታክሲው ፍርሃትና የዋጋው ክርክር እንዴት እንዳማረራት፣ ኋላም ሃይብሪድ ዲዛይንስን መሥርታ ራይድን እንደፈጠረች ተረኩ። ተጨበጨበ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ግን መኪናውንና ሰውየውን በምን አገናኘቻቸው?»

«በአፕ ነዋ!» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። እውነቷን ነው። «በአፕ» መልስ አይደለም። እንጀራ የምበላበትን ሙያ በአንድ ቃል ዘጋሁባት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሴት የቴክኖሎጂ መሥራቾች የሚጻፈውን በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ ችግር፣ ቀጥሎ ድፍረት፣ መጨረሻ ላይ ሽልማትና ፎቶ። «ሴትነቷ ሳይበግራት» የምትል ሐረግ አትጠፋም፤ ሴትነት እንደ ወባ የሚበግር ነገር ይመስል! «እስከ 17 ዓመቷ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም» የሚለውም ለድፍረቷ ማጣፈጫ ሆኖ ይገባል። ኮምፒውተሩ ለምን እንዳልነበረ፣ ዛሬስ የት እንደሌለ የሚጠይቅ ጸሐፊ ግን ብዙም አይገጥመኝም።

ለዚያች ልጅ መንገር የነበረብኝ ሌላ ነው። ራይድ ሲጀመር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ የስማርት ስልኩ አፕ በኋላ መጣ። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ደግሞ 8294 ደውሎ መኪና ያዛል። ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ተሳፋሪው በእጁ ምን ዓይነት ስልክ እንደያዘ ማወቅን ይጠይቃል። ሹፌሩ ያለበትን ቦታ ስልኩ ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ያሰላል፤ ሲስተሙ ለተሳፋሪው የሚቀርበውን ፈልጎ ይጠራል፤ ዋጋው በርቀት ይሰላል። ያ የሌሊት ክርክር ከሰው አፍ ወጥቶ ወደ ስሌት ገባ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ጥያቄም ይመጣል። ስሌቱን ማን ይወስናል? ለሹፌሩስ ምን ይተርፈዋል? ሥራን ሥራ ብሎ ማንበብ እንከኑንም መጠየቅ ነው። ሴት ስለሠራችው ብቻ ከጥያቄ ብናድነው ንቀት እንጂ ክብር አይሆንም።

ልማዱ የቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም፤ እኛው ጎጃም ውስጥ የቆየ ነው። የቅኔ መምህርቷ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሲነሡ ሁሉም ሰው የሚነግረኝ ሴት ሆነው፣ ዓይነ ስውር ሆነው ማስተማራቸውን ነው። ከቅኔያቸው አንዱን የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ባሕር ማዶ «ቀለም ያላቸው ሴቶች» የሚሉት ነገር አለ። እኛ ዘንድ ቀለም ትምህርት ነው፤ ጎበዝ ተማሪ «የቀለም ቀንድ» ይባላል። የጉንደ ወይኗን ልጅ ወደኋላ የሚያስቀራት የቆዳዋ ቀለም አይደለም፤ ሴት መሆኗ፣ ገጠር መወለዷና መሣሪያው አጠገቧ አለመኖሩ ነው። ባሕር ስትሻገር ግን የቆዳዋም ጉዳይ ይጨመርባታል። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳየ። የሰው ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ተሳሳቱ፤ ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ግን ስህተታቸው ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ትምኒት እ.ኤ.አ. በ2021 ዴር የተባለ የራሷን የምርምር ተቋም መሥርታለች። የእሷን ታሪክ በደንብ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው እነዚህን ቁጥሮች መዝለል አይችልም፤ ሥራዋ ራሱ ይናገራልና። ለሌሎቹም የምመኘው ይህንን ነው።

«ኧረ ልጆቹ መጀመሪያ መነቃቃት ያስፈልጋቸዋል» የሚል ይኖራል። አልክድም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያዬን ኪቦርድ ስነካ፣ ዘግይታ የጀመረች ሌላ ሴት መኖሯን መስማቴ አጽናንቶኛል። ግን መጽናናቱ ሳምንት አልቆየም። ያቆመችኝ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ ሉፕ አልገባ ሲለኝ «ሊጡ እስኪያልቅ ጋግሪ ማለት እኮ ነው» ብላ አስረዳችኝ። በዚያች ቀን ፕሮግራመር የምሆን መሰለኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ መልእክቱ ከተሳፋሪው ስልክ ተነስቶ ሹፌሩ ጋ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ በሁለት ገጽ ሥዬ በአስተማሪዋ በኩል ለልጅቷ ላክሁላት። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ምስጋና አልነበረበትም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ፦

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?»

ስለ ሴት መሥራቾች የሚጻፈው ጽሑፍ ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ደስ ይለኛል። እኔም መልሱን ገና እየጻፍኩላት ነው።