ካርታው ላይ ያልተሣለው ውሃ

ዛሬ አንድ ካርታ ልተች ነው። መጽሐፍ ሲተች አይታችኋል፣ ፊልምም እንደዚሁ፤ ካርታ ሲተችስ? ካርታም እኮ ሰው ያዘጋጀው ነገር ነው። አዘጋጁ የመረጠው አለ፣ የተወውም አለ። እኔ የማነሳው የማዕድን ፈቃድ ካርታ የሚባለውን ዓይነት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ፈዘዝ ያለ መሬት፣ በላዩ ላይ በቀጥታ መስመር የታጠሩ ባለቀለም ቦታዎች፣ ከእያንዳንዱ ጋር የፈቃድ ቁጥር፣ የባለፈቃዱ ስምና የማዕድኑ ዓይነት። የአፋር ዝቅተኛ ሜዳ፣ ማለትም ደናክልና ዳሎል፣ በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ሲታይ ገና ምንም ያልተጻፈበት ደብተር ይመስላል።

ትችቴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ካርታው መሬቱን ያሳያል፣ ውሃውን አያሳይም። በረሃን ደግሞ ውሃውን ትቶ መጠበቅ አይቻልም።

ሦስተኛው ቁጥር

ያደግሁት እንጭኒ ነው፤ ምዕራብ ሸዋ፣ አዳበርጋ ወረዳ። አገሩ ደጋ ነው፣ ገብስና ስንዴ ይዘራል። ክረምት ሊገባ ሲል የቤታችን ወሬ ሁሉ ማዳበሪያ ነበር። ዘንድሮ ስንት ገባ? መቼ ይደርሳል? የጆንያውን ጽሑፍ አባቴ የሚያስነብበው እኔን ነበር። ዳፕ ላይ 18-46-0 ይላል፣ ዩሪያ ላይ 46-0-0። “ይሄ ዜሮ ምንድን ነው?” ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ናይትሮጅንን፣ ሁለተኛው ፎስፈረስን፣ ሦስተኛው ፖታሲየምን ይመለከታል። ተክል ሦስቱንም ይፈልጋል። አባቴ የጠየቀኝ ዜሮ እንግዲህ የሌለው ፖታሲየም ነበር። የባሰ የገረመኝ ግን ያ ፖታሲየም በገዛ አገራችን በረሃ ሥር በብዛት መኖሩ ነው። እኛ ደግሞ ማዳበሪያ ከውጭ እየገዛን በጅቡቲ በኩል እናስገባለን።

ስለዚህ “በረሃው አይነካ” ብሎ ጽፎ በሰላም መተኛት ለእኔ አይሆንልኝም። እንጭኒ ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ ማዕድን አንድ ቀን እኛ ማሳ ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ በምን ዋጋ፣ በማንስ ውሃ?

ባዶ የተባለው ቦታ

እኛ ጋ ወደ ሙገር ሸለቆ የሚወርድ ሰው “በረሃ ወረደ” ይባላል። በኦሮምኛ ደግሞ ጋሞጂ እንላለን። አማርኛው “በረሃ ገባ” ሲል ሸፈተ ማለትም ይሆናል። ልብ ብላችሁ ከሆነ በአነጋገራችን በረሃ የሚወረድበትና የሚሸሸግበት እንጂ የሚኖርበት ቦታ አይመስልም። ካርታውም ይህንኑ የደገኛ አመለካከት ነው በቀለም የሚደግመው።

እውነቱን እንይ። የደናክል ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ዳሎል አካባቢ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ በተደጋጋሚ ገብቶበታል፤ ከባሕሩ ሲቆራረጥ ደግሞ በፀሐይ እየተነነ ጨው ትቶ ሄዷል። የባሕር ውሃ ሲተን ሁሉም ጨው በአንድ ጊዜ አይረጋም። መጀመሪያ እንደ ጂፕሰም ያለው፣ ቀጥሎ የምግብ ጨው፣ ውሃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች ይረጋሉ። ፖታሽ የምንለው ከዚህ የመጨረሻው ንጣፍ የሚገኘውን ነው።

ፈላጊው ዛሬ አልተጀመረም። ከመቶ ዓመት በፊት ጣልያኖች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ዳሎል አቅጣጫ ሐዲድ ዘርግተው ፖታሽ አውጥተዋል። ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ቆፍሮ አጥንቷል (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የአዋጅ ቁጥሮችን ብቻ በእኛው)። ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተመዘገበው አማካይ የዓመት ሙቀት ከፍተኛው ነው የሚባለው 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ከ1960 እስከ 1966 ዳሎል ላይ የተለካ ነው። በቅርቡ ደግሞ የካናዳው አላና፣ አላናን የገዛው የእስራኤሉ አይሲኤል፣ የኖርዌዩ ያራ መጡ። ያራ በ2015 ይፋ ባደረገው ጥናት በዓመት 600,000 ቶን ገደማ የፖታሲየም ሰልፌት ለማምረት አስቦ ነበር። አይሲኤል በ2016 ሥራውን ትቶ ወጣ። አንድ ኩባንያ ወጣ ማለት ግን ቦታው ተጠበቀ ማለት አይደለም፤ ማዕድኑ እዚያው እስካለ ድረስ ሌላ ፈላጊ ይመጣል።

እነዚህ ሁሉ ሲመጡና ሲሄዱ እዚያው የነበሩ ሰዎች አሉ። አፋሮች በዚያ ሙቀት ጨው ይቆርጣሉ፤ አሞሌው በግመልና በአህያ ተጭኖ ወደ በርሃሌ ይወጣል። አሞሌ በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለገለ ጨው መሆኑን ከታሪክ ትምህርት ታስታውሳላችሁ። የአፋር በረሃ የአፍሪካ የዱር አህያ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎችም አንዱ ነው፤ ይህ እንስሳ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። እንጭኒ ገበያ እህል ጭኖ የሚመጣው አህያ የዱር ዘመድ ነው።

ሳይንሱም ገና አልጨረሰም። በ2019 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ስለ ዳሎል የማይገጥም ውጤት አሳተሙ። አንዱ በዚያ በሚፈላ አሲድ አካባቢ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። ሌላው በዙሪያው ባሉ ጨዋማ ውሃዎች ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን ቢያገኝም፣ አሲዱ በበረታባቸውና የማግኒዚየም ጨው በበዛባቸው ኩሬዎች ግን ሕይወት የለም አለ። ሕይወት የቱ ጋ ያበቃል? ይህን ጥያቄ በአካል ሄዶ መመርመር የሚቻልባቸው ቦታዎች በምድር ላይ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ የእኛ ነው።

በ2022 ዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንሶች ኅብረት የመጀመሪያዎቹን 100 የጂኦሎጂ ቅርሶች ሲያሳውቅ ደናክል ገብቷል። ደስ ይላል። ግን የክብር ስም ነው፣ ፈቃድ የመከልከል ኃይል የለውም። ኃይል ያለው ሕግ ሌላ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይናገራል፤ እዚያው ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ አርብቶ አደሮች የግጦሽና የእርሻ መሬት በነጻ የማግኘት፣ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። ይህ መብት በካርታው ላይ ቀለም አልተሰጠውም።

ክሩን ማንም አልነካውም

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ውሃው እንምጣ። ጥልቅ ያለን ፖታሽ ለማውጣት አንዱ መንገድ ማሟሟት ነው። በጉድጓድ ውሃ ወደ ታች ይገፋል፣ ጨውን ያሟሟል፣ ከዚያ ጨዋማው ፈሳሽ ተመልሶ ይወጣና በሰፋፊ ኩሬዎች ላይ በፀሐይ ይተናል። እንደ መሐንዲስ ሳየው ዘዴው ያስደስተኛል፤ የበረሃው ፀሐይ ነዳጅ ይቆጥባል። ግን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት፦ በጣም ደረቅ በሆነ ቦታ ላይ ውሃ አምጥተን፣ ሆን ብለን እናተነዋለን ማለት ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? ዳሎል ላይ የሚዘንበው ኢምንት ነው። በትግራይ ደጋ የዘነበው ግን ክረምት ክረምት በሚሞሉ ወንዞች ይወርዳል። ወንዙ ገደሉ ሥር ሲደርስ ጉልበቱ ይደክምና ያመጣውን ጠጠርና አሸዋ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይጥላል። ውሃውም እዚያ ጠጠር ውስጥ ሰርጎ ይጠራቀማል። ከጨው ሜዳው አጠገብ ሊጠጣ የሚችል ውሃ ሲፈለግ የሚታሰበው በአብዛኛው ይኸው ጠጠር ነው። አርብቶ አደሩ ጉድጓድ የሚቆፍረውም፣ ኩባንያ ፓምፕ ለመትከል የሚመኘውም እዚያ ነው።

ቤታችሁ የምትሞክሩት ነገር ልስጣችሁ። የልብስ ሳፋ ውሰዱና አሸዋ ሙሉበት። አሸዋው እስከ ግማሹ እስኪርስ ውሃ ጨምሩ። በሁለት ጫፍ ላይ ጉድጓድ ማሱ፤ በሁለቱም ውስጥ ውሃ ይታያችኋል። በአንደኛው ዙሪያ ክር ዘርጉና “ይህ የተጠበቀ ቦታ ነው” በሉ። ከዚያ በሌላኛው ጫፍ በስሪንጅ ውሃ መሳብ ጀምሩ። ክሩን ማንም አልነካውም። በክሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ይጎድላል።

ይህ የሳፋ ሙከራ አንድ ጊዜ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ዴቪልስ ሆል የሚባል ውሃ የሞላበት የዋሻ አፍ አለ፤ በተፈጥሮ ሌላ የትም የማይገኝ ትንሽ ዓሣ ይኖርበታል። ቦታው ከ1952 ጀምሮ ጥበቃ ውስጥ ነበር። በ1968 አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ እርሻ የከርሰ ምድር ውሃ መሳብ ጀመረ፤ የዋሻው ውሃም ወረደ፣ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት ድንጋይ ብቅ ማለት ጀመረ። እርሻው ድንበር አልጣሰም፣ አጥር አላፈረሰም። በ1976 ፍርድ ቤቱ፣ ቦታው ሲጠበቅ ለዓሣው የሚያስፈልገው ውሃም አብሮ ተጠብቋል፣ ስለዚህ መሳቡ ይገደብ ብሎ ወሰነ።

ለምዕራብ ሸዋ ልጅ ያን ያህል መሄድም አያስፈልገውም። የአምቦ ውሃ ከ1930 ጀምሮ ይታሸጋል። ጋዙንም ማዕድኑንም ያገኘው ከመሬት በታች በሄደበት መንገድ ነው። አንድ ሰው መጥቶ “ምንጩን 50 ሜትር አጥሬ እተውላችኋለሁ፣ ከአጥሩ ውጪ ግን እንደ ልቤ ቆፍሬ እስባለሁ” ቢል የአምቦ ሰው እሺ የሚለው ይመስላችኋል? ዳሎል ላይ ቀለበት አስምሮ “ይህን ትተናል” ማለትም ያው ነው።

ስለ እንፋሎት ኃይል፣ ስለ ጂኦተርማልም አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ኃይል አገራችን ለብቻው አዋጅ አላት፣ ቁጥር 981/2008። አፋር ውስጥ ተንዳሆ ላይ በ1990ዎቹ የሙከራ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከናፍጣ ጄኔሬተር ጋር ሳወዳድረው ያለ ማመንታት ጂኦተርማልን እመርጣለሁ። ግን “ንጹሕ ኃይል” ስንል የምናስበው ጭሱን ነው። ከጥልቁ የወጣው ፈሳሽ ተመልሶ ወደ ጥልቁ ካልተላከና ሜዳ ላይ ከተደፋ፣ የያዘው ጨውና አርሴኒክን የመሰለ ንጥረ ነገር የመጠጥ ውሃ ሊበክል ይችላል። እዚህም ላይ ወሳኙ ውሃው ነው፣ እዚህም ካርታው ዝም ይላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

“ድሃ አገር ሀብቱን ቀብሮ መቀመጥ የለበትም” የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ የአባቴ ዜሮም ከእኔ ጋር አለ። አዋጅ ቁጥር 299/1995ም እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዝዛል። ሕግ የለም ብዬ አልከራከርም።

ችግሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። ግምገማው የሚሠራው ለአንድ ፕሮጀክት ነው። ሦስት ፕሮጀክቶች ከአንድ ጠጠር ውሃ ቢስቡ፣ ሦስቱም ጥናቶች እያንዳንዳቸው “የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው” ሊሉ ይችላሉ፤ ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ድምሩን የሚደምረው ግን ማነው? ባለቀለሙ ቦታ ሦስት ይሁን እንጂ ውሃው አንድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የቅደም ተከተል ለውጥ ነው። ከሚቀጥለው ፈቃድ በፊት የውሃው ካርታ ይሣል፤ ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚጠራቀም፣ ማን እንደሚጠጣው ይታይ። የመከታተያ ጉድጓዶች ተቆፍረው ልኬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይያዝ፣ ቁጥሩም ለማንም ክፍት ይሁን፤ ፓምፕ ከተተከለ በኋላ የተጀመረ ልኬት ምን እንደጠፋ ሊነግረን አይችልም። ጠቅላላው ውሃ ስንት ቢሳብ እንደማይጎዳ ይሰላ፣ ፈቃድ የሚሰጠውም ከዚያ ጣሪያ በታች ብቻ ይሁን። የዳሎል ምንጮች፣ ጨው ቆራጮች የሚሠሩበት ሜዳና የመጠጥ ውሃ ያለበት ጠጠር ደግሞ “ፈቃድ አይሰጥበትም” የሚል የራሳቸው ቀለም ይኑራቸው። ከዚህ የተረፈ ቦታ ካለ ፖታሹ ይውጣ፣ እኔም እንጭኒ ሆኜ በደስታ እቀበለዋለሁ።

ባለፈው ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ለአባቴ የድሮ ጥያቄውን መለስኩለት። ዜሮው ፖታሲየም ነው፣ አፋር በረሃ ውስጥ አለ፣ በውሃ እየተሟሟ ሊወጣ ይችላል አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ “ውሃውን ለዚያ ከወሰዱት እዚያ ያሉት ከብቶች ምን ይጠጣሉ?” አለኝ።

ካርታውን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየሁት። እሱ የጠየቀው ነገር እዚያ ላይ አልነበረም።