ለካዝናው ተያዥ፣ ለሰውስ?

አገራችን ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ መቀጠር ቀላል ነገር አይደለም። ማስታወቂያው የትምህርት ደረጃውን፣ የሥራ ልምዱንና ዕድሜውን ከዘረዘረ በኋላ መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር አትጠፋም፤ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»። ተያዡም ቢሆን ከመንገድ ተጠርቶ የሚመጣ ሰው አይደለም። የት እንደሚሠራ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ተያዥ ሆኖ እንደሆነ ይጣራል። ለሹፌሩም፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛውም፣ ለጥበቃውም እንደዚያው ነው። ደላላ ያመጣት የቤት ሠራተኛ እንኳ «ተያዥ አለሽ?» ሳትባል ሻንጣዋን አታስገባም። ጥሩ ነው! ንብረት መጠበቅ አለበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

እኔን የሚቆረቁረኝ ነገር ሌላ ነው። ካዝናው ቢጎድል ቆጥረን እናውቃለን። ማን እንደመታው መናገር የማይችል፣ ቀንና ሰዓት የማይለይ፣ የበደለውንና ያበላውን ሰው ለይቶ መክሰስ የማይሆንለት ወንድማችን ሲጎዳስ በምን ቆጠራ ነው የምናውቀው? ለሚቆጠረው ነገር ይህን ያህል ስንጠነቀቅ፣ ለማይቆጠረው «በቃ ደግ ሰው ይመስላል» ብለን የምናልፈው ለምንድን ነው?

የማወራው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ሰዎች ነው። እነዚህን ከአእምሮ ሕሙማን ጋር የማቀላቀል ልማድ አለን። የአእምሮ ሕመም መጥቶ በሕክምና ሊሻል ይችላል። የዕድገት ውስንነት ግን ከልጅነት ጀምሮ ከሰውየው ጋር የሚኖር ነገር ነው። መማር አለ፣ መሻሻል አለ፣ ብዙዎቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን የሌላ ሰው እጅ ይሻሉ። የሌላ ሰው እጅ! ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ወደ ወሎ ደጋ ልውሰዳችሁ። መካነ ሰላም ላይ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ግን ብር መለየት የማትችል ልጅ አለቻቸው።

«እማማ፣ ገበያ ሲወጡ ለማን ትተዋት ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው።

«ላገኘሁት አልተዋት! በሬ ለእረኛ ሲሰጥ እንኳ የማን ልጅ ነህ ይባል የለ? እንኳን ልጅ!»

እውነታቸውን ነው። ከቦረና እስከ ሳይንት፣ ከለጋምቦ እስከ ከላላ ድረስ የሰው ማጣሪያው ይህ ጥያቄ ነበር፤ «የማን ልጅ ነህ?» በዘመኑ ተራ ጥያቄ አልነበረም። አባቱ ይታወቃል፣ አያቱ ይታወቃል፣ እድሩና ማኅበሩ ይታወቃል። ሰውየው ቢያጠፋ የሚያጣው ስም አለው። ከተሜው በፎርም ላይ የሚሞላውን ባላገሩ በቃል ያጣራው ነበር።

ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው፣ በዳይ ሁልጊዜ ከሩቅ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው፣ የሚታመነው፣ ቡና የሚጠጣው ሰው ነው። ነገሩ ሲሰማም «ገመናችን አይውጣ» ይባልና ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለት ተናጋሪ ሰዎችን ነው፤ እዚህ ላይ አንደኛዋ አትናገርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን መቃወም በማይችል ሰው ላይ የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድፍረት በአንቀጽ 623፣ በሆስፒታልና በመሳሰሉት ተቋማት ያለን ሰው በኃላፊነቱ ተጠቅሞ የሚደፍረውን ደግሞ በአንቀጽ 624 ለይቶ ወንጀል ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ በጉልበት ስመው የሚታረቁበት ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ቀዳዳ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ከአገሩ ሲወጣ አቅም ያጣል። መካነ ሰላም ዛሬ ሆስፒታል አላት፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም የሚያደርስ መንገድ አላት። ወጪ ወራጁ በዝቷል። ሁሉን በአያቱ ስም መለየት ቀርቷል። አዲስ አበባ ላይማ ጎረቤት ጎረቤቱን በስሙ ካወቀ ትልቅ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደስ የሚል ለውጥም አለ። ትናንት ከእንግዳ ዓይን ተሸሽጎ ጓዳ ይውል የነበረው ልጅ እየወጣ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የራሳቸውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ነበር። ከእሳቸው ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል፤ ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ልጆች የቆመው ዲቦራ ፋውንዴሽን አንዱ ነው። ይህ ሁሉ በጎ ነው። ነገር ግን ልጁ ከጓዳ በወጣ ቁጥር የሚነካው የእንግዳ እጅ ይበዛል። ወላጅ ሲያረጅና ሲሞት ደግሞ ማዕከሉ የቀን መዋያ ብቻ ሳይሆን ማደሪያም መሆኑ አይቀርም። ታድያ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀረው ማነው?

መቄዶንያ ሁላችንም በቃላችን የያዝነው መፈክር አለው፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው»። ግሩም አባባል ነው። በ2017 ዓ.ም. በቀጥታ ሥርጭት በተደረገው ገንዘብ ማሰባሰብ ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ያዋጣው ይህ ስሜት ስለገባው ነው። ድርጅቱን ለመውቀስ አላነሳሁትም፤ ከመንገድ ላይ የስንቱን ሕይወት እንዳነሳ እናውቃለን። መፈክሩን ያነሳሁት ከቦታው አውጥተን ስለምንጠቀምበት ነው። ለመስጠት ሰው መሆን በቂ ነው። ለመቀጠር ግን በቂ አይደለም! ብርድ ልብስ ይዞ ለመጣ ሰው ማንነቱ አይጠየቅም፤ ያንን ብርድ ልብስ ማታ ገልጦ የሚያጥበው፣ የሚያለብሰው፣ መድኃኒት የሚያውጠው ሰው ግን መጠየቅ አለበት። ከሁሉ በላይ የምትከፋው በር ደግሞ በጎ ፈቃደኝነት የምትባለዋ ናት። «በነፃ ላገልግል» ያለውን ሰው ማስረጃ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ይሉኝታችን!

«አንተ ደግሞ ሰው ትጠረጥራለህ» የምትሉኝ አትጠፉም። እንግዲያው ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለውን ጃሪን እናስታውስ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ሐይቅ አካባቢ፣ ጃሪ ላይ የልጆች መንደር ተቋቁሞ ነበር። የሚያስተዳድረው ቴር ዴ ዞም የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ነበር። መንደሩን ይመራ የነበረው እንግሊዛዊ በአደራ በተሰጡት ወንዶች ልጆች ላይ የወሲብ ጥቃት ፈጽሞ ተገኘና እ.ኤ.አ በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት እስራት ፈረደበት። ልብ በሉ፤ የጃሪ ልጆች አንደበት ነበራቸው። ስምና ቦታ ለይተው መናገር ይችሉ ነበር። እንዲያም ሆኖ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ዓመታት አለፉ። አንደበት የሌለው ቢሆንስ ኖሮ?

ለዚያ ሰውዬ ተያዥ የጠየቀው ማን ነበር? እንደኔ ግምት፣ በእኛ ዓይን ፈረንጅነቱና ለዕርዳታ መምጣቱ ራሱ ተያዥ ሆኖታል። አበው «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ያሉት ለዚህ ነው። ቁርበቱን የሚያነጥፍለት ሰው እስካለ ድረስ ጅብ አገር መቀያየሩን አይተውም።

ይህ ተረት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሄይቲ እ.ኤ.አ በ2010 በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈራረሰች በኋላ የኦክስፋም የአገሪቱ ኃላፊ በሥነ ምግባር ጉድለት ተመርምሮ በ2011 ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ከዚያስ? ባንግላዴሽ ላይ በሌላ የረድኤት ድርጅት ተቀጠረ። አዲሱ ቀጣሪ ስለሰውየው ከኦክስፋም ጠይቆ ማስጠንቀቂያ እንዳልተነገረው አስታወቀ። ጉዱ ለዓለም የተሰማው በ2018 ነው። ከዚህ በኋላ ነው የረድኤት ድርጅቶች በ2019 ጥፋት የሠራን ሠራተኛ መረጃ እርስ በርስ የሚጠያየቁበትን አሠራር የጀመሩት።

እንግሊዞችም በዋዛ አልተማሩም። ሶሃም በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ በ2002 ሁለት የ10 ዓመት ሕፃናትን የገደለው ሰው የትምህርት ቤት ተንከባካቢ ነበር። ከዚያ በፊት በሌላ ክፍለ ሀገር ፖሊስ ዘንድ ተደጋጋሚ ክስ ቀርቦበታል፤ ስላልተፈረደበት ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነው። በዚህ ምክንያት በ2006 ሕግ ወጣና ከሕፃናትና ራሳቸውን መጠበቅ ከማይችሉ ሰዎች ጋር እንዳይሠሩ የሚታገዱ ሰዎች መዝገብ ተዘጋጀ።

መዝገቡ ሁሉን ፈታው? አልፈታም። በ2011 የቢቢሲ ጋዜጠኛ ብሪስቶል አጠገብ በነበረው ዊንተርቦርን ቪው በተባለ የግል ሆስፒታል እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተቀጥሮ፣ ካሜራ ደብቆ ገባ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሲደበደቡና ሲሰቃዩ ቀረጸ። 11 ሠራተኞች ጥፋተኛ ሆኑ፣ 6ቱ ወህኒ ወረዱ። የሚያሳዝነው ግን ምኑ መሰላችሁ? እዚያ የሠራ አንድ ነርስ አስቀድሞ ለአለቆቹም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አመልክቶ ነበር። የሰማው አልነበረም። ስለዚህ ጥሩ ቅጥር የመጀመሪያው በር እንጂ የመጨረሻው አይደለም። በገባ በማግስቱ የሚያየው ዓይን፣ ሲጮኹም የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል።

ወደራሳችን እንመለስ። ሠራተኛ ሲለቅ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚጠይቀው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። ስለ ጠባዩ አንድ ቃል የለም። ሠራተኛን ከክፉ አለቃ ቂም ስለሚጠብቅ እንደ ሕግ ተገቢ ነው። ሰነፍ ቀጣሪ ግን ያቺን ወረቀት የመልካም ጠባይ ምስክር አድርጎ ፋይል ውስጥ ያስራታል። የለቀቀውም ድርጅት «ስማችን እንዳይጠፋ» ብሎ ጉደኛውን በኬክ ይሸኘዋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ይህን ሳስብ አንድ ነገር ያስቀኛል፤ ሳቁ ግን ይመራል። ከደቡብ ወሎ ስንት ልጆች ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ እንደሚጎርፉ እናውቃለን። በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። አሻራ ተሰጥቶ ከፖሊስ ማስረጃ ማውጣትንም ለውጭ ጉዞ ሲሆን እናውቅበታለን። የባዕድ አገር ሽማግሌን ለመጦር ሥልጠና አስፈለገ። የራሳችንን ምስኪን ለመጠበቅ ግን የማንንም ቃል እናምናለን!

በወረቀት ቃል ሳንገባ ቀርተን አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 16 አካል ጉዳተኞችን የሚያገለግሉ ተቋማት በሙሉ ነፃ በሆነ አካል ክትትል እንዲደረግባቸው ያስገድዳል። ነፃ የሆነ አካል ማለት ደግሞ ለምረቃ የሚጠራና ሪባን ቆርጦ የሚሄድ ባለሥልጣን ማለት አይደለም።

«በዚህ ደመወዝ ማን ይመጣል? እንዲህ ካጠበቃችሁ ቤቱ ባዶ ይቀራል» የሚል አስተዳዳሪ አውቃለሁ። ሐቅ አለው። ሰው የሚያጥብና የሚያጎርስ ሠራተኛ ደመወዝ እዚህ ግባ የማይባል እስከሆነ ድረስ መራጩ ቀጣሪው ሳይሆን ዕድል ነው። ስለዚህ ለሕንፃ የምናዋጣውን ያህል ለሠራተኛ ደመወዝም ማዋጣት መልመድ አለብን። ግን ጥንቃቄው ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ለቀድሞ አሠሪ ስልክ ደውሎ «ይህን ሰው መልሳችሁ ትቀጥሩታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ የስልክ ሒሳብ ነው። በሥራ ልምዱ መካከል ያለችውን የሁለት ዓመት ክፍተት «የት ነበርክ?» ማለት በነፃ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ አንዲት እናት ማስቀመጥም በነፃ ነው፤ መካነ ሰላም ያሉት እናት ቢቀመጡ ስንቱን በአንድ ጥያቄ እንደሚያስደነግጡት! ሕጉ የሚፈቅደው የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜም አለ። አዲሱ ሠራተኛ በነዚያ ቀናት ከነባር ሠራተኛ ጋር እንጂ ብቻውን እንዳያድር ማድረግ የፕሮግራም ጉዳይ ነው።

ለእኛ ለጎብኚዎቹም አንድ ነገር ልበል። በየበዓሉ ዳቦና ሳሙና ይዘን እንሄዳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ አልቅሰን እንመለሳለን። በሚቀጥለው ስንሄድ ከዳቦው ጋር ጥቂት ጥያቄ እንያዝ። እዚህ ማታ የሚያድረው ማነው? ስንት ሆነው ነው የሚያድሩት? ከመቀጠሩ በፊት ከቀድሞ አሠሪው ጋር የተነጋገረው የትኛው ሰው ነው? መናገር የማይችለው ልጅ ሲከፋው በምን ታውቃላችሁ? ደህና ቤት በነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ እንዲያውም መዝገቡን አውጥቶ ያሳያል። የሚቀየም ካለ ግን ዳቦውን ሰጥታችሁ ቶሎ አትውጡ። ትንሽ ቆዩ።