አበባ የተተከለበት ቴሌቪዥን

ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ በሩን ገባ ሲሉ፣ ጀርባው ያበጠ የድሮ ቲቪ አለ። ሆድ ዕቃው ወጥቶ አፈር ተሞልቶበታል፤ ስክሪኑ በነበረበት በኩል አበባ ብቅ ብሏል። ሰው ሁሉ አጠገቡ ፎቶ ይነሳል። እኔም ተነስቻለሁ። ቤት ገብቼ ፎቶውን ሳየው ግን የሆነ ነገር ቅር አለኝ።

ካፌው «ትዝታ» ማለቱ ነው። የምን ትዝታ? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫም የዚያው ዓመት ልጅ ነው። በዚያ መስታወት አባባ ተስፋዬ ለልጆች ተረት ነግረውበታል። ቀለም የመጣው ደግሞ በ1977 መባቻ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል፤ ያኔ ወሎና ትግራይ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ተረቱም ግብዙም እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው ያለፈው። አበባው ሁለቱንም አይነግረንም። ቆንጆ ነው፣ በቃ።

ኮሪያዊው ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1988 1,003 ቲቪዎችን ደርድሮ ማማ ሠርቶ ነበር። ቲቪዎቹ አርጅተው አደጋ ስላሰጉ በ2018 ተዘጋ። በ2022 እንደገና ሲበራ 737ቱ ተጠግነው፣ 266ቱ ግን ውስጣቸው በፍላት ስክሪን ተተክቶ ነበር። ሥራው ምስሉ ነው ወይስ ምስሉን የሚያበራው መስታወት? የሙዚየሙ ራስ ምታት ይሄ ነበር።

ይህንኑ ጥያቄ ያለ ሙዚየም የሚመልሱ አንድ ጋሼ ባሕር ዳር ውስጥ አሉ። እናቴ ዳንቴል አልብሳ ያስቀመጠችውን ቲቪ ይዤላቸው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ቀፎውን የመጻሕፍት መደርደሪያ ላደርገው አስቤ ነው። (ከካፌው በምን እሻላለሁ?)

«ጋሼ፣ ውስጡን ያውጡልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሞቷል ያለሽ ማነው?»

ጀርባውን ፈቱት፤ እጃቸውን ግን ወዲያው አልሰደዱም። የቀለም ቲቪ ቲዩብ ከ20,000 ቮልት በላይ ነው የሚሠራበት፣ ከሶኬት ተነቅሎም ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። አቧራውን በብሩሽ ጠረጉ። ፍላይባኩ ሥር የተሰነጠቀ ብየዳ አገኙ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያሳበጠው አንድ ካፓሲተርም ነበር። ቀየሩት። ሪሲቨር ሰኩበት። በራ።

ጋሼን ግን ቅዱስ ላደርጋቸው አልፈልግም። ቦርዱ ጨርሶ የሞተ ሲመጣላቸው ነቅለው ጥለው አዲስ የቻይና ቦርድ ይገጥማሉ፣ የድሮው ቀፎ ውስጥ። ሰብሳቢ ቢያይ ያለቅሳል። «ሰው ካየበት ምን ቸገረሽ» ነው መልሳቸው። ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ያ የድሮ ቦርድም ታሪክ ነበረው። ቢሆንም ቲቪ ሆኖ ይኖራል፣ የአበባ ማሰሮ አይሆንም።

ሌላ የከነከነኝ ነገር አለ። ካፌውን ቲዩቡ የት እንደተጣለ ጠየቅኩ። አስተናጋጁ ትከሻውን ነቀነቀ። የቲዩብ መስታወት እርሳስ አለበት፤ ሐይቁ ደግሞ ከበራቸው ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ማታ እናቴ ቲቪዋን ከፍታ ተቀመጠች። ምስሉ ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ጠቧል፣ የዜና አንባቢው ፊት አረንጓዴ ነገር መስሏል። ነገ ልመልሰው አልኳት።

«ተይው፣ ድሮም እንዲህ ነበር» አለችኝ።